የጭላዳው ጎፈር ለምን ጋቢ መሰለ? በነጥብ ስለ መሣል የተነሣ ጥያቄና የመጡለት መልሶች

የመነሻው ጽሑፍ

ይህን ውይይት የከፈትሁት እኔ ነኝ። የምኖረው ደሴ ነው፤ ቀን የንድፍ ሥራ አስተምራለሁ፣ ማታ ደግሞ የዱር እንስሳትን በጥቁር ቀለም፣ በነጥብ ብቻ እሥላለሁ። በነጥብ መሣል፣ ባለሙያዎቹ ስቲፕሊንግ የሚሉት፣ መስመር ሳያሰምሩና ቀለሙን በውኃ ሳያቀጥኑ የብዕሩን ጫፍ ወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ እያሳረፉ፣ ጥላንም ብርሃንንም በነጥቦቹ መጠጋጋትና መራራቅ ብቻ የሚያወጡበት ዘዴ ነው። ቀለሙ ያው አንድ ጥቁር ነው፤ ግራጫ የሚባል ነገር ወረቀቱ ላይ የለም፤ ግራጫውን የሚሠራው ራቅ ብሎ የሚያየው ዓይን ነው።

ይዤ የመጣሁት ችግር ይህ ነበር። አንድ ወንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ከወገቡ በላይ በኤ4 ወረቀት ላይ ሣልሁ፤ ከስልሳ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። በቅርብ ሲታይ ነጥቦቹ ክብና ንጹሕ ናቸው። ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሁለት ሜትር ርቄ ስመለከተው ግን እንስሳው አመድማ ጋቢ የተከናነበ መሰለኝ፤ ጎፈሩ ፀጉር አልሆነም፣ ፊቱ ከጎፈሩ አይለይም፣ ደረቱም ከሆዱ አይለይም። የሥዕሉን ፎቶና እያየሁ የሣልሁበትን የጭላዳ ፎቶ አያይዤ ምን እንዳጠፋሁ ጠየቅሁ። ከጥያቄው ጋር አንድ አቋምም ጻፍሁ፦ በነጥብ ሥዕል ውስጥ የነጥብ ሁሉ መጠን አንድ መሆን አለበት፣ አንዲት መስመር ያስገባ ሰውም ሥራውን በነጥብ ሠራሁት ሊል አይገባም አልሁ። ከጥያቄው ይልቅ ብዙ ሰው ያነጋገረው ይህ አቋሜ ሆነ።

መልሶቹ አሁን አሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል። ከኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲጠቅሙ በተራቸው፣ በራሴ አገላለጽ አሰፍራቸዋለሁ። አንዳንዶቹን በአጭሩ አልፋለሁ፤ ሥራዬን የለወጡት ላይ ግን እቆያለሁ።

1ኛ መልስ

የመጀመሪያው መላሽ የኮምቦልቻ ሠዓሊ ናቸው። እንደ አገራችን ወግ የእኔንም የቤተሰቤንም ደኅንነት ጠይቀው፣ ስለ ድካሜም አመስግነው ነው ወደ ነገሩ የገቡት። ችግሩ ነጥቦቹ ላይ አለመሆኑን፣ ብዕር ከማንሣቴ በፊት የጥላና የብርሃን እቅድ አለማውጣቴ መሆኑን አስረዱኝ። ወረቀቱ ባዶ ሆኖ እንዲቀር የፈቀድሁበት ቦታ ካለ እንድፈልግ ጠየቁኝ። ፈለግሁ፤ በጎፈሩ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ቦታ አላገኘሁም። ባዶ ቦታ ባየሁ ቁጥር ያላለቀ ሥራ እየመሰለኝ ነጥብ ስጨምርበት ኖሬአለሁ።

ምክራቸው ግልጽ ነበር። በምሠራበት ወረቀት ጠርዝ ላይ ሰባት ትንንሽ ሳጥኖች ሠርቼ፣ የመጀመሪያውን ባዶ ትቼ የመጨረሻውን ጥቁር አድርጌ፣ በመካከሉ ያሉትን አምስቱን በዚያው በምሥልበት ብዕር ደረጃ በደረጃ እንድሞላ አዘዙኝ። ከዚያ የእንስሳው የትኛው ክፍል በየትኛው ሳጥን እንደሚወድቅ በእርሳስ ቁጥር እንድጽፍ፣ በተለይ ደግሞ እጅግ ጥቁር የሚሆኑትን ሦስት ቦታዎችና ብዕር ፈጽሞ የማይነካቸውን ቦታዎች አስቀድሜ እንድለይ ነገሩኝ። የእኔ ጭላዳ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳጥን ባለው ውስጥ ብቻ ታጥሮ የቀረ ነበር፤ ጥቁርም ነጭም አልነበረውም።

2ኛ መልስ

ሁለተኛዋ መላሽ ሥዕል ሥላ እንደማታውቅ በግልጽ ተናግራ ነው የጀመረችው። ደሴ ውስጥ ሹሩባ ትሠራለች። ከሁሉም መልሶች ይልቅ እኔን ያነቃኝ የእርሷ ነው። ፀጉርን ማንም ሰው አንድ በአንድ አያየውም አለች፤ የሚታየው ዘለላው ነው። እያንዳንዱ ዘለላ ብርሃን የሚያርፍበት ትከሻ አለው፣ ከሌላው ዘለላ ሥር በሚገባበት ቦታ ላይ ደግሞ ጨለማ አለ፤ ከሥሩ ወጥቶ ወደ ጫፉ ሲሄድም አንዴ ይጎብጣል፣ በጉብጠቱ ላይ ያበራል። ሹሩባ የምትሠራውን ራስ በጣቷ ስትከፍል የምታየው ይህንኑ እንደሆነ ጻፈች። የእኔ ጎፈር ዘለላ የሌለው፣ እንደ ብርድ ልብስ አንድ ወጥ የሆነ መሆኑንም ጨመረች።

እንዳለችው ለማየት የጭላዳውን ፎቶ በስልኬ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሬ፣ ዓይኔን አጥብቤ ተመለከትሁት። የግራ ትከሻውን ብቻ ስቆጥር አሥራ አንድ ዘለላ አገኘሁ። ስድሳ ሰዓት ሙሉ ያንን ፎቶ አጠገቤ አስቀምጬ አንዱንም አላየሁትም ነበር።

3ኛ እና 4ኛ መልስ

ሦስተኛው ሥራው ግብርና ነው፤ የሥዕሌን ፎቶ አጉልቶ አይቶ ነጥቦቼ በመስመር መደርደራቸውን አገኘ። እውነቱን ነው፤ እጄ የለመደው የንድፍ ሥራ ስለሆነ ሳላስበው እደረድራለሁ። ጤፍ በመስመር ሲዘራ ከርቀት ረድፉ እንደሚታየው ሁሉ፣ ነጥብም በረድፍ ሲቀመጥ ዓይን ነጥቡን ትቶ ረድፉን ይከተላል አለ፤ ስለዚህ በብተና እንደሚዘራ አድርገህ በትነው ሲል መከረኝ።

አራተኛው ምሳሌውን ወደደ፣ ምክሩን ግን አረመ። በብተና የተዘራ ማሳ ላይ አንዱ ጋ ተጨናንቆ አንዱ ጋ እንደሚሳሳ ሁሉ፣ እጅም ዝም ብሎ ሲበትን ነጥብ በነጥብ ላይ ይወድቃል፤ ሦስትና አራት ነጥቦች ይነካኩና ትል የመሰለ ነገር ይሠራሉ። የእርሱ ዘዴ እንዲህ ነው፦ አዲስ ነጥብ ከመጣሉ በፊት በዙሪያው ካሉት ክፍተቶች ሁሉ ሰፊውን ይፈልግና በዚያ መካከል ያስቀምጣል። አንድ ዙር በጣም አሳስቶ መላውን ሥዕል ይሸፍናል፤ በሁለተኛው ዙር ጥላው ላይ ብቻ ይመለሳል፤ በሦስተኛው የጨለማው እምብርት ላይ። በየዙሩ ወረቀቱን ይገለብጠዋል፤ ሥዕሉ ተዘቅዝቆ ሲታይ ዝንጀሮ መሆኑ ይቀርና ጥላና ብርሃን ብቻ ይሆናል። ብዕሩን ቀጥ አድርጎ ማቆምም ግድ እንደሆነ አስታወሰኝ፤ ካጋደለ ወይም ከመነሣቱ በፊት እጅ ከሄደ ነጥቡ ጭራ ያወጣል። እኔም በራሴ ሥራ ላይ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት የጣልኋቸውን ጭራ ያላቸውን ነጥቦች አየሁ። እጅ ሲደክም መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

5ኛ መልስ

አምስተኛዋ የሥነ ሕይወት ትምህርት የምትከታተል ተማሪ ናት፤ አነጋገሯ ጠንከር ያለ ነበር። ወንድ ብዬ ያቀረብሁት እንስሳ ደረት ላይ የሴት ምልክት ማስቀመጤን ደረሰችበት። ጭላዳዎች ወንዱም ሴቷም ደረታቸው ላይ ፀጉር የሌለው፣ መሐሉ ጠበብ ያለ ቀይ ገላ አላቸው። በሴቷ ደረት ዙሪያ ግን ለመራባት በምትዘጋጅበት ወቅት ፈሳሽ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች እንደ ዶቃ ይደረደራሉ። እኔ ፊቱን ከወንድ ፎቶ፣ ደረቱን ከሌላ ፎቶ ወስጄ ነበር፤ ሁለተኛው ፎቶ የሴት መሆኑን አላወቅሁም። ዶቃዎቹን በነጥብ ለመሥራት አመቺ ሆነው ስላገኘኋቸው አንድ ሙሉ ምሽት ደክሜባቸዋለሁ።

ይህ ስሕተት ቀላል እንዳልሆነ አጥብቃ ጻፈች። ጭላዳን እ.ኤ.አ. በ1835፣ ቀይ ቀበሮን ደግሞ በ1840 ለሳይንስ የገለጻቸው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነበር፤ ከዚያ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ የእንስሳ ሥዕል ዋጋው አንባቢው ዝርያውን፣ ጾታውንና ዕድሜውን ከሥዕሉ ላይ ማንበብ መቻሉ ነው አለች። ቃሏ ቢመረኝም ትክክል ነበረች፤ በዚያው ቀን አመሰገንኋት።

ያልጠየቅኋትንም መለሰች። ቀዩን ደረት በጥቁር ነጥብ እንዴት እንደማሳይ ጨንቆኝ ጭፍግ አድርጌ አጥቁሬው ነበር። ቀይ ቀለም በጥቁርና ነጭ ሲታይ መካከለኛ ግራጫ ነው፤ ከጎፈሩ የሚለየው በጥቁረቱ ሳይሆን በልስላሴው ነው። ስለዚህ ገላው ላይ ትንንሽ ነጥቦች እኩል ተራርቀው ይቀመጡ፣ ፀጉሩ ላይ ግን የፀጉሩን አቅጣጫ ተከትለው ይሰባሰቡ። ሁለቱ በግራጫነታቸው እኩል ሆነውም አንዱ ቆዳ፣ አንዱ ፀጉር ሆኖ ይታያል።

6ኛ መልስ

የሒሳብ መምህር ነው። ስሌቱን ወድጄዋለሁ። በ0.25 ሚሊ ሜትር ብዕር የተጣለ አንድ ነጥብ ስፋቱ 0.05 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ወረቀት ከመቶው አሥር እጅ ብቻ እንዲጠቁር 200 ያህል ነጥብ ያስፈልጋል። ኤ4 ወረቀት 624 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ መላው ገጽ በዚህ ቀላል ግራጫ ቢሸፈን ወደ 127,000 ነጥብ ይሆናል፤ በሴኮንድ አንድ ነጥብ ቢጣል 35 ሰዓት ማለት ነው። ባዶ የቀረ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ሁሉ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ያተርፍልዎታል ብሎ የ1ኛውን መልስ በሌላ በኩል አጠናከረው።

ከ7ኛው እስከ 10ኛው መልስ

እዚህ ላይ የውይይቱ መንፈስ ተለወጠ። ሰባተኛው ሰላምታ ሳያቀርብ፣ በአንተ እየጠራኝ፣ ስልሳ ሰዓት ለአንድ ዝንጀሮ መስጠት የጊዜ ብክነት እንደሆነ፣ ማንኛውም የኮምፒውተር ፕሮግራም ፎቶን በደቂቃ ወደ ነጥብ እንደሚለውጥ፣ ሰው ይህን እያወቀ ብዕር ይዞ ቢቀመጥ ግትርነት እንደሆነ ጻፈ። ስምንተኛዋ በወሎ ሰው የማያውቁትን ታላቅ አንቱ ብሎ እንጂ አንተ ብሎ እንደማይጠራ በቁጣ ገሠጸችው። ዘጠነኛው መልሶ እርሷን ዘለፋት፤ የመድረኩ አስተባባሪ ዘለፋውን አንሥቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ። እኔ በአንተ መጠራቴ አልከበደኝም፤ ጥያቄው ግን መልስ የሚገባው ነበር።

የመለሰልኝ በወልድያ ማተሚያ ቤት የሚሠራው አሥረኛው ነው። በክርክር ሳይሆን በሥራ ነው የመለሰው። ያያያዝሁትን የጭላዳ ፎቶ ራሱ በእንዲህ ያለ ፕሮግራም አሳልፎ ውጤቱን ለጠፈው። ፕሮግራሙ የሚያነበው የፎቶውን ጥቁረትና ንጣት ብቻ ነው፤ የቱ ፀጉር የቱ ድንጋይ እንደሆነ አያውቅም። እንስሳው ገደል ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስለነበር በጥላ በኩል ያለው ጎፈሩ ከገደሉ ጨለማ ጋር ተዋሕዶ ጠፋ፤ በስተጀርባው ያለው ሣር ደግሞ ከፊቱ ይልቅ ጎልቶ ወጣ። በእጅ የሚሥል ሰው እዚያ ላይ የገደሉን ጥላ አሳስቶ ጎፈሩን ያወጣዋል፣ ሣሩን ጨርሶ ይተወዋል። መምረጥ የሚባለው ሥራ ይህ ነው።

ስለ ኅትመትም የሚጠቅም ነገር ጨመረ። የነጥብ ሥዕል ቢያንስ 600 ነጥብ በኢንች ይቃኝ፤ ጄፔግ አድርጎ ማስቀመጥ በየነጥቡ ዙሪያ ቆሻሻ ስለሚያመጣ ምስሉን በማያበላሸው የፋይል ዓይነት፣ በቲፍ፣ ይቀመጥ። ለመጽሐፍ የሚሆን ከሆነ ከሚታተምበት መጠን አንድ ተኩል እጥፍ አድርጎ መሣል ጥሩ ነው፤ ሲያንስ የእጅ ጉድለት ይጠፋል። ከዚያ በላይ ከተቀነሰ ግን ጥላው ውስጥ ያሉት ነጥቦች ይያያዙና ጥቁር ጭቃ ይሆናሉ። ፎቶ ኮፒ ደግሞ ቀላሉን ግራጫ ይበላዋል። ነጥብ ለሳይንስ ሥዕል የተመረጠውም ማተሚያው ጥቁርና ነጭ ብቻ ሲያውቅ ጥላን ሳያጠፋ ስለሚያልፍ ነው። ሰባተኛው ከዚህ በኋላ አንድ ቃል አልጻፈም።

11ኛ መልስ

ይህኛው በየቀኑ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚመላለስ የግንባታ ንድፍ ሠራተኛ ነው፤ ለእኛ አካባቢ ሰው ይህን ያህል የሚጠቅም መልስ የለም። ቀለም የሚሞሉ እንደ ሮትሪንግ ያሉ የንድፍ ብዕሮችን ቦርሳው ውስጥ ይዞ ሽቅብ ሲወጣ፣ ደሴ ደርሶ ክዳኑን ሲከፍት ጫፉ ላይ ቀለም ተጠራቅሞ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ነጥብ ነጥብ ሳይሆን እድፍ ይሆናል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ልዩነት የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በብዕሩ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው አየር በመቶ ስምንት ያህል ይለጠጥና ቀለሙን ይገፋዋል። መፍትሔው ማጠራቀሚያውን ጢም አድርጎ መሙላት ወይም ፈጽሞ ባዶ ማድረግ፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ መያዝ፣ ከደረሱም በኋላ በቁራጭ ወረቀት ላይ ሃያ ሠላሳ ነጥብ መሞከር ነው። እኔ የኮምቦልቻ ወዳጄ ጋ ሠርቼ ስመለስ ሁለት ጊዜ ሥራ ተበላሽቶብኝ ብዕሩን ስወቅስ ነበር።

12ኛ መልስ

ስለ ወረቀት ነው። ተራው 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ቀለሙን ስለሚያሰራጨው ነጥቡ ጠርዙ ይበጣጠሳል። ገጹ ለስላሳ የሆነ ከ250 ግራም በላይ የሆነ፣ ብሪስቶል የሚባል ወፍራም ወረቀት ከተገኘ ነጥቡ ክብ ሆኖ ይቀራል፤ ስሕተትም በሹል ምላጭ ጫፍ ቀስ ብሎ ሊፋቅ ይችላል። በክረምት የደሴ ጉም ቤት ውስጥ ሲገባ ወረቀቱ ስለሚርስ ከማኅደሩ ያወጡትን በዚያው ምሽት መልሶ መክተት፣ ከእጅም ሥር ንጹሕ ወረቀት ማንጠፍ ይገባል። የእርሳሱን ንድፍ በመስኮት መስታወት ላይ አስደግፎ ወደ ንጹሕ ወረቀት ማሻገር ይሻላል፤ በቀለም ላይ የተፋተገ ላጲስ ጥቁሩን ያደበዝዘዋልና።

ከ13ኛው እስከ 15ኛው መልስ

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ቀለም አሠራር ዞረ፤ ከጥያቄዬ ቢርቅም አልከፋኝም። አሥራ ሦስተኛው ቄስ ትምህርት ቤት ያደጉ አባት ናቸው። ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ተዘጋጅቶ፣ ለወራት እየተማሰ የሚሠራውን የብራና ቀለም፣ በቀንድ ተቀምጦ በመቃ ብዕር የሚጻፍበትን አስታወሱን። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እ.ኤ.አ. ከ1280 እስከ 1281 ባለው ጊዜ የተጻፈውና የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባለው ብራና ጽሑፉ እስከ ዛሬ መነበቡ የጥላሸት ቀለም ብርሃን እንደማያደበዝዘው ማስረጃ ነው አሉ። እጃቸው ነጥብን የለመደው የአራት ነጥብን አራት ነጠብጣብ እኩል አድርጎ ማስቀመጥ ሲማሩ እንደሆነም ጻፉ።

አሥራ አራተኛዋ ከቃሉ ወረዳ ናት። አያቷ ቁርኣን ሲያስተምሩ ደረሳዎቹ በለውሕ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳ፣ ላይ የሚጽፉበት ቀለም እንዲሁ ከጥላሸትና ከሙጫ ይሠራ እንደነበር፣ ትምህርቱ ሲያዝ ለውሑ ታጥቦ እንደገና እንደሚጻፍበት አወጋችን። የመስጊዱም የገዳሙም ቀለም እናቱ አንድ ጥላሸት መሆኗን ሁለቱ እርስ በርስ ሲጽፉ ማንበብ እጅግ ደስ ብሎኛል። ሙጫው ባነሰ ቁጥር ቀለሙ በውኃ በቀላሉ እንደሚታጠብም የነገረችን እርሷ ናት።

አሥራ አምስተኛው ግን ይህን አንብቦ እንዲህ ያለውን የቤት ቀለም በቀጭን የንድፍ ብዕር ውስጥ እንዳይሞላ ማንም ሰው እንዲጠነቀቅ አሳሰበ። ራሱ ሞክሮ 0.2 ሚሊ ሜትር ቱቦው ተደፍኖ ብዕሩ ከጥቅም ውጭ ሆኖበታል። የጥላሸቱ ፍሬ ሻካራ ነው፣ ሙጫውም ደርቆ ይጣበቃል። በቤት የተሠራ ቀለም ለመቃ ብዕር ወይም እየነከሩ ለሚጽፉበት የብረት ብዕር ይሁን፤ ለንድፍ ብዕር ለእርሱ ተብሎ የተዘጋጀ ቀለም ይገዛ።

16ኛ እና 17ኛ መልስ

አሥራ ስድስተኛው የነጥብ ሥዕልን የፈጠረው ፈረንሳዊው ጆርጅ ሱራ ነው ብሎ ጻፈ። አሥራ ሰባተኛው አረመው፦ ሱራ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ያደረገው የተለያዩ ቀለሞችን በነጥብ ጎን ለጎን አስቀምጦ በተመልካቹ ዓይን ማዋሐድ ነው። በአንድ ጥቁር ቀለም ጥላን በነጥብ ማውጣት ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል፤ የፓዶቫው ጣሊያናዊ ጁሊዮ ካምፓኞላ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መዳብ ላይ ነጥብ እየወጋ ለስላሳ ጥላ ያትም ነበር። እርማቱ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን ትንሽ ንቀት ነበረበት፣ አሥራ ስድስተኛውም ቅር ብሎት ወጣ። ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር።

18ኛ መልስ

በመጨረሻ አቋሜን በቀጥታ የሞገተችኝ ዕፅዋት ለጥናት የምትሥል ባለሙያ ናት። ሁለት ነገር አለች። አንደኛ፣ ነጥብ ሁሉ አንድ መጠን ይሁን ማለት የቀይ ቀበሮን ፊት ከጭራው ጋር በአንድ ብዕር መሥራት ማለት ነው። ቀይ ቀበሮ ከጉሮሮው እስከ ደረቱ ነጭ ነው፤ ጭራው ከመሐሉ እስከ ጫፉ ጥቁርና ጎፍላላ ነው። ለዓይኑና ለአፍንጫው ዙሪያ የ0.2 ሚሊ ሜትር ብዕር፣ ለጭራው ጨለማ የ0.45 ቢያዝ እጅም ይድናል፣ ጥቁሩም ጥቁር ይሆናል። ዋናው ነገር ትልቁ ነጥብ በድንገት ከትንሹ አጠገብ እንዳይወድቅ፣ በመካከላቸው መሸጋገሪያ እንዲኖር ነው። ሁለተኛ፣ የአፍ ዙሪያ ጺም መስመር ነው፤ መስመር የሆነውን ነገር በመስመር መሥራት ነውር አይደለም።

በመጀመሪያው ተሸነፍሁ፤ እንዲያውም ሞክሬ አየሁት፤ ጥቁሩ እምብርት በግማሽ ሰዓት አለቀ። በሁለተኛው ግን አሁንም አልተስማማሁም። ጺሙን ለማውጣት በዙሪያው ያለውን ጥላ በነጥብ ሠርቶ ጺሙን ራሱን የወረቀቱ ነጭ አድርጎ መተው ይቻላል፤ ጥቁር መስመር ከተሰመረ ግን ዓይን ወዲያው እርሱ ላይ ይወድቅና የቀረው ሥራ ሁሉ ጀርባ ይሆናል። እርሷም በዚህ አልተረታችም፤ ተከባብረን በየአቋማችን ቆየን።

19ኛ መልስ

ባለፈው ሳምንት አዲስ ወረቀት አውጥቼ እንደገና ጀመርሁ። በመጀመሪያው ቀን የሠራሁት ሦስት ቦታ ብቻ ነው፦ ሁለቱ የዓይን ብሌኖች፣ ከግራው ትከሻ ሥር ያለው ጨለማና የተከፈተው አፍ ጥግ። የጎፈሩን የላይኛውን ጠርዝ፣ ፀሐይ ከጀርባ የምትመታውን፣ በእርሳስ ከልዬ አልነካሁትም። ደረቱ ላይ ዶቃ የለም። አሥራ አንዱን ዘለላዎች አንድ በአንድ እየያዝሁ አራቱን ጨርሻለሁ። የዓይኑን ቆብ፣ ሲቆጣ የሚገልጠውን ነጣ ያለውን ቆዳ፣ ሁለት ሜትር ርቄ ሳየው ከፊቱ ተለይቶ ታየኝ። ፎቶውን ለጠፍሁ።

አሥራ ዘጠነኛውን መልስ የጻፈችው ያችው የሥነ ሕይወት ተማሪ ናት። ዓይኑ እንደተሳካልኝ ጻፈች። ከዚያ እጆቹን ለምን ከወረቀቱ ውጭ እንዳስቀረሁ ጠየቀች። ጭላዳ ከሚበላው ዘጠና ከመቶ በላይ ሣር ነው፤ ቀኑን ሙሉ በቂጡ ተቀምጦ ሣሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ እየነቀለ ይሰበስባል፤ ጣቶቹን ያልሣለ ሰው ጭላዳ አልሣለም አለች። በቦረና ሳይንት፣ ደንቆሮ ጫካ አጠገብ ራሷ ያነሣችውን፣ ሣር የያዘ እጅ በቅርብ የሚያሳይ ፎቶ ልትልክልኝ ቃል ገባች። ወረቀቴ ከታች አራት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ስላለው፣ ፎቶው እስኪደርሰኝ ያንን ክፍል በንጹሕ ወረቀት ሸፍኜ አምስተኛውን ዘለላ ይዣለሁ።